የጭጋግ ባንዱ ጋሽ ፈይሳ

ኑሪ ሲደውልልኝ ሰበታ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ተቀምጬ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ነበር። ኑሪ በሥራ ሰዓት አይደውልም። ቀኑን ሙሉ በአባቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስለሚውል፣ ሲያሻን በጽሑፍ መልእክት ነው የምንገናኘው። "አቤት ኑሪ" አልኩት። ከጀርባው ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

"ብርቱ፣ ጋሽ ፈይሳ አረፉ" አለኝ።

"መቼ?"

"ትናንት። ቤታቸው ውስጥ ጎረቤት ነው ያገኛቸው። ልብ ነው ይላሉ።"

ትናንት እሁድ፣ የባንዳችን የልምምድ ቀን ነበር። መርዶ ሲነገረው ሰው ምን እንደሚል አላውቅም፤ ከእኔ አፍ የወጣው ግን "ወደ ልምምድ ሊሄዱ ነበር እንዴ?" የሚል ነው።

"ጫማቸውን አድርገዋል አሉ" አለ ኑሪ። "ጊታራቸው ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ በሩ ጋ ቆሟል።"

ስልኩን ዘግቼ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። አንድ ወረቀት አረምኩ። ሁለተኛውን ስጀምር የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚል ሊገባኝ አልቻለም። ጋሽ ፈይሳን ካየኋቸው ዓመት ከሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

ጭጋግ ባንድን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚያውቁትም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ስሙን ሲሰሙ "እንዴ፣ እነሱ አሁንም አሉ?" ይላሉ። የጀመሩት አራት ጓደኛሞች ነበሩ። ሁሉም ሱሉልታ ያደጉ፣ ስማቸውንም በክረምት ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ ከተማዋን ከሚያለብሳት ጉም የወሰዱ ናቸው። ጋሽ ሰይፉ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች፣ ጋሽ ፈይሳ ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚይዘው ቤዝ ጊታር፣ ሌሎቹ ሁለቱ ኦርጋንና ድራም። በሰይፉ ድምፅ የተሠሩ ሁለት ሦስት ዘፈኖች በሬዲዮ ይሰሙ ነበር፤ እናቴ እንኳ አንዱን ታውቀዋለች።

ከዚያ ጋሽ ሰይፉ ብቻቸውን ሊሠሩ ወጡ። የድራሙ ሰው ሞተ። የኦርጋኑ ወደ ንግድ ገባ። ጋሽ ፈይሳ በእያንዳንዱ ቦታ ሌላ ሰው አስገቡ። እሱም ሲሄድ ሌላ፣ ሌላውም ሲሄድ ሌላ። እኔ የገባሁት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ ኪቦርድ ላይ ከመቀመጤ በፊት ስንት ሰው እዚያ እንደተቀመጠ አላውቅም። አንድ ቀን ብጠይቃቸው "እኔ የማውቀው አሁን ማን እንዳለ ነው" አሉኝ።

በዚህ ሁሉ መሃል ሙዚቃው ራሱ ተለወጠ። ለምን እንዲህ ረጅም ሙዚቃ እንደምንጫወት ጠይቄያቸው ሳቅ ብለው ነበር የመለሱልኝ። "ዘፋኙ ሄደብን እኮ! ግጥም የሚልልን ጠፋ። ሰው ደግሞ ሊሰማ ተቀምጧል። ታዲያ ምን እናድርግ፣ አስረዘምነው።" አስረዘሙት ሲሉ ቀልድ አይደለም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የሠራነውና በመኖሪያቸው አካባቢ ባለው ውሃ ስም "ገፈርሳ" ያሉት ሙዚቃ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በሰባት ምት ይጀምራል፣ በአምስት ይሄዳል፣ መሃል ላይ ምት የሚባል ነገር ይጠፋና በስተመጨረሻ እንደገና ይመለሳል። የሚጨፈርበት አይደለም። ሠርግ ላይ ብንጫወተው ሙሽሮቹ አግዳሚ ይዘው ይተኙ ነበር፤ ይህንንም ያሉት እሳቸው ናቸው።

ያወቅኳቸው ቡራዩ ነው። ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በኮንቴይነር የተሠራች ሱቅ ነበረቻቸው፤ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር ይጠግናሉ። እኔ ያኔ በዓለም ገና ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። የመዘምራናችን ኪቦርድ አራት ቁልፎች አልጫን ብለው፣ ቡራዩ አንድ ሽማግሌ አሉ ሲሉኝ በፎጣ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ሽማግሌው ረጅምና ጎባጣ ናቸው፤ ቡናማ ካፖርት ለብሰዋል። ያችን ካፖርት በበጋም ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም። የጣቶቻቸው ጫፍ በብየዳ ተቃጥሎ ጠቋቁሯል። ኪቦርዱን ፈትተው አጽድተው መልሰው ገጠሙትና "በይ ሞክሪው" አሉኝ።

አንድ መዝሙር ተጫወትኩ። እሳቸው በመፍቻ ጠረጴዛውን ቀስ እያሉ ይመታሉ። ስጨርስ መፍቻውን አስቀመጡ። ከዚያ፦

"ግራ እጅሽን ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

"ያስታውቃል። ማንም አላበላሸውም።" ኪቦርዱን በፎጣው መልሰው ጠቀለሉት። "እሁድ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ምንም።"

"ሱሉልታ ታውቂያለሽ?"

እንዲህ ነው የገባሁት። በሚቀጥለው እሁድ ከዓለም ገና ተነስቼ ከተማውን በሙሉ አቋርጬ፣ እንጦጦን ወጥቼ ወርጄ ሱሉልታ ደረስኩ። የምንለማመደው በወንድማቸው የድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ የድርቆሽ እስር። መሃሉ ላይ በተተወው ክፍት ቦታ ድራሙ፣ የባንዱ ኪቦርድ፣ ሁለት እስፒከሮችና ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ኅዳር ላይ ድርቆሹ ሲሞላ ድምፃችን ደርቆ ይሰማል፤ ከብት አርቢዎች እየገዙት ሰኔ ላይ ባዶ ሲቀር ደግሞ ያስተጋባል። ጋሽ ፈይሳ በየወሩ እስሮቹን በዓይናቸው ይለኩና የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ትንሽ ያዞራሉ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ያስነጥሰኝ ነበር።

ኑሪን እዚያ ነው ያገኘሁት፤ ድራሙ ላይ። ኤልያስ የሚባል ፈጣን እጅ ያለው ወጣት ደግሞ ጊታር ይጫወታል። ከመዝሙር ውጭ የማውቀው ስላልነበረ ሰባት ምት ምን እንደሆነ አይገባኝም። ጋሽ ፈይሳ መዳፌን ያዙና በአውራ ጣታቸው የጣቶቼን አንጓ እየነኩ "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ደረጃ የሚወርድ ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ከታች ያያል" አሉኝ። ጀመርን። ወዲያው ጠፋሁ። እጄን ሳነሳ እሳቸው ቤዙን ሳያቋርጡ "ኢቲ ፉፊ!" ብለው ጮሁ። ቀጥይ ማለታቸው ነው። ሰው ሲሳሳት የሚሉት ይህችን ብቻ ነበር። ማንንም አቁመው አያርሙም። የጠፋ ሰው ራሱ መንገዱን ፈልጎ እስኪመለስ ሌሎቹ ይሄዳሉ፤ እሱም ከፊት ይገናኛቸዋል።

በሁለተኛው ወር አካባቢ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። "ጋሽ ፈይሳ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ኦርጋኒስት የተጫወተበት ካሴት የለዎትም? ወስጄ ላጥናው።"

"አለ።"

"ይስጡኛ።"

"አልሰጥሽም" አሉ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ። "ሰምተሽ እሱን ልትሆኚ ነው። እሱ ሄዷል። የመጣሽው አንቺ ነሽ።"

ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። በኋላ ላይ ሳስበው ግን ይህን ያሉ ሰው በየጊዜው ከባዶ የጀመሩ ሰው ናቸው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚያውቁትን ሙዚቃ ትተው፣ ያ ሰው የሚችለውን አዳምጠው ሌላ ይሠራሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ሲያደርጉ ምን ያህል እንደደከሙ አንድ ቀን እንኳ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ሌንሳ ዱከም ፋብሪካ ትሠራለች፣ ለበዓል ትመጣለች። ጎረቤት "ኦቦ ፈይሳ" እያለ ያከብራቸዋል፤ ሙዚቀኛ መሆናቸውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሬዲዮ ሠሪው ኦቦ ፈይሳ ናቸው። አንድ ጊዜ አመመኝ ብለው ሲቀሩ ከኑሪ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። አንድ ክፍል ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። ሻይ ሊያፈሉልን ተነሱና ብርጭቆ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ወጡ። ኑሪ ወለሉን እያየ "ከእኛ ሌላ ሰው የላቸውም እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ። እኔም ወለሉን አየሁ።

ስለ ጋሽ ፈይሳ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል የሰበታውን ቀን ነው የምናገረው። የአንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ተፈቅዶልን እሁድ ከሰዓት "ገፈርሳ"ን ልንጫወት ነበር። ኑሪ በሱቁ ደጃፍ ማስታወቂያ ለጠፈ፣ እኔም ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኩ። አዳራሹ ሁለት መቶ ወንበር አለው። የመጡት አሥራ አንድ ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ የኑሪ አጎቶች። ኤልያስ ከመጋረጃው ኋላ አየና "ብንሰርዘው አይሻልም?" አለ። ጋሽ ፈይሳ ቤዛቸውን እየቃኙ "ለማን ብለን? ለመጡት ነው ወይስ ላልመጡት?" አሉት።

ጀመርን። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄድን መብራት ጠፋ። የእኔ ኪቦርድ፣ የኤልያስ ጊታር፣ ቤዙ፣ ሁሉም ጸጥ። ኑሪ ብቻ ቀረ። ኑሪ ሊያቆም ሲል ጋሽ ፈይሳ በአገጫቸው "ሂድ" አሉት። ኑሪም ቀጠለ። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ሳያቸው ጣቶቻቸው ድምፅ በሌለው ጊታር ላይ እየሄዱ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ግራ ገብቶኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ ኤልያስ ስልኩን አውጥቷል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት። ከተመልካቹ ሁለት ሰው ተነስቶ ወጣ። ከዚያ መብራቱ ተመለሰ፤ የቤዙ ድምፅ ቀድሞውኑ ክፍሉ ውስጥ እንደነበረ ሰው ድንገት ከመሃላችን ተሰማ። ያቆምንበት ቦታ አልነበረም። አራት ደቂቃ ወደፊት፣ መድረስ በሚገባን ቦታ ላይ ነበሩ። ኑሪም እዚያው ነው። እኔ የት እንደደረሱ ፈልጌ እስካገኛቸው ድረስ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ስንጨርስ ዘጠኝ ሰዎች አጨበጨቡ። ገመድ ስንጠቀልል "እንዴት አወቁት?" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"የት እንደደረስን። ምንም አይሰማም እኮ።"

ገመዱን መጠቅለላቸውን ሳያቆሙ፣ "ለእኔ አልቆመም" አሉ።

ጋሽ ሰይፉ ወደ መጋዘኑ የመጡት በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ልምምድ ላይ ሳለን በሩ ላይ ነጭ መኪና ቆመ። በደንብ የለበሱ፣ ፀጉራቸውን ያጠቆሩ ሽማግሌ ወረዱ። ጋሽ ፈይሳ ሲያዩዋቸው ቤዛቸውን ሳያወልቁ ሄደው አቀፏቸው፤ የጊታሩ አንገት በሁለቱ መሃል ገብቶ ሳቁ። የሚተዋወቁበት ዘመን ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ወተት አስመጥተው ድርቆሽ ላይ ተቀመጡ። እኛ ልንወጣላቸው ስንል ጋሽ ፈይሳ "ተቀመጡ፣ የተደበቀ ነገር የለም" አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ አዘጋጅ የድሮ ሙዚቃ ዝግጅት ያሰናዳል። ጭጋግ ባንድን ይፈልጋል፤ ግን የድሮውን። የሰይፉን ዘፈኖች፣ አጫጭሮቹን፣ በሰይፉና በፈይሳ ስም። የቀረውን ቦታ አዘጋጁ ራሱ በሚያመጣቸው ሙዚቀኞች ይሞላል።

"እነዚህስ?" አሉ ጋሽ ፈይሳ እኛን እያዩ።

"እነሱ ምን ይሆናሉ? ወጣቶች ናቸው፣ ይደርሳሉ" አሉ ጋሽ ሰይፉ። "ፈይሳ፣ ስማኝ። ሰው የሚያውቀው እኔንና አንተን ነው። ስንጀምረው እነዚህ ልጆች አልተወለዱም።"

"አንተ ስትሄድ እኔም ገና ቤዝ አላውቅም ነበር።"

ጋሽ ሰይፉ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ልትወቅሰኝ ነው?"

"አይደለም። እውነቴን ነው። ካንተ ጋር ስጫወት አንተን ነበር የምከተለው። ከሄድክ በኋላ ነው የተማርኩት። ሰይፉ፣ አንተ ና እንጂ። ወንበር አለ። ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ና፣ ከነዚህ ጋር እንጫወት።"

"እኔ? እዚህ? ከማን ተምሬ?" አሉ ጋሽ ሰይፉ። በንቀት አልነበረም የተናገሩት፤ የፈሩ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ከልብሳቸው ላይ ድርቆሹን አራግፈው ተነሱ። "እንግዲያው ስሙን እኔም እጠቀምበታለሁ። የሁለታችንም ነው" አሉ በሩ ላይ ሆነው።

"ተጠቀምበት" አሉ ጋሽ ፈይሳ።

የዚያን ቀን ልምምዱን ቀጠልን። በሚቀጥለው እሁድ ኤልያስ አልመጣም። በሁለተኛውም። ወር ሳይሞላ የሌላኛው ጭጋግ ባንድ ፎቶ ስልካችን ላይ ደረሰ፤ ጋሽ ሰይፉ መሃል ላይ፣ ኤልያስ በስተቀኝ ጊታር ይዞ። ኑሪ ፎቶውን ለጋሽ ፈይሳ ማሳየት አልፈለገም ነበር፤ እኔ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። "ጃኬቱ አምሮበታል" አሉ። ከዚያ የጊታሩን ክፍል ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኔ ቀኝ እጅ ሰጡኝ፣ ግማሹን ራሳቸው ወሰዱት። "ገፈርሳ" ትክክለኛ መልኩን የያዘው ሦስት ከሆንን በኋላ ነው። ያ ዓመት ከሕይወቴ ጥሩው ዓመት ነበር፤ ያኔ ግን አላወቅኩትም።

ከዚያ እኔም ሄድኩ። የተጣላሁት ሰው የለም። አገባሁ፣ ፀነስኩ፣ ከሰበታ ሱሉልታ ሦስት ታክሲ እየቀየሩ መሄድ አቃተኝ። ምክንያቴ ሁሉ እውነት ነው። ግን ፊት ለፊት አልነገርኳቸውም፤ በስልክ ነው። "ለጥቂት ጊዜ ነው ጋሽ ፈይሳ፣ ከወለድኩ በኋላ እመለሳለሁ" አልኩ።

"እሺ ልጄ። ደኅና ውለጂ፤ እሱ ይበልጣል" አሉ። ከዚያ ደግሞ "ብርቱ፣ ግራ እጅሽ የሚጫወተውን በኖታ ጻፊልኝ። ሌላ ሰው እስክትመጪ ቢቀመጥ እንዲይዘው" አሉኝ።

ለማንም እንዲህ ብለው እንደማያውቁ አውቃለሁ። የሄደውን ሰው ተከተል የማይሉ ሰው ናቸው። እሺ አልኩ። ደብተር ገዛሁ፣ መስመር አሰመርኩ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ጻፍኩ። ልጄ ተወለደች። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለመደወል ባሰብኩ ቁጥር ደብተሩ ትዝ ይለኝና "ጽፌ ልደውል" እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው ዓመት ከሁለት ወር ያለፈው።

ቀብሩ ቡራዩ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከሌንሳ፣ ከሰፈሩ ሰዎችና ከዕድር አባላት ሌላ፣ በየጥጉ ለብቻ ለብቻ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ የባንክ ዘበኛ ልብስ ለብሷል፤ አንዱ ጠና ያለ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ነው። አንዲት ሴት ከአምቦ እንደመጣች ሰማሁ። አጠገቤ የነበረው ሰው ዞር ብሎ "አንቺ ምን ተጫወትሽ?" አለኝ። "ኪቦርድ" አልኩት። "እኔ ድራም፤ ከሃያ ዓመት በፊት" አለኝ። ሁሉም ከጭጋግ ያለፉ ናቸው። እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ አንዱ ሲወጣ ነው ሌላው የገባው። የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም የለም። ንፍሮ ዞረ፤ ሁላችንም የየራሳችንን እፍኝ ይዘን ተቀመጥን።

ኑሪ ከውጭ ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል። እሱም ሱቁ በዝቶበት ልምምድ ካቆመ ሰባት ወሩ እንደሆነ ያን ቀን ነው የነገረኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔም ሄድኩ ብሎ ሊነግረኝ አፍሮ ነበር። አጠገቡ የሱሉልታዋ ወተት ሻጭ አዴ ጫልቱ ቆመዋል፤ ቤታቸው ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ቁልፉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

"አላቆሙም እኮ" አሉኝ እጄን ይዘው። "ኦቦ ፈይሳ እሁድ እሁድ ይመጡ ነበር። ብቻቸውን።"

"ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ?"

"ይጫወታሉ። ድም ድም ድም፣ ከዚያ ጸጥ። አለቀ ብዬ በሩን ልቆልፍ ቁልፍ ይዤ እወጣለሁ። ስደርስ እንደገና ይጀምራሉ። ደግሞ ጸጥ ይላሉ። ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእግራቸው እየመቱ። 'ኦቦ፣ ደክሞዎት ነው?' አልኳቸው አንድ ቀን። 'አይ፣ የሷ ተራ ነው' አሉኝ።"

ኑሪ ፊቱን አዞረ። እኔ የአዴ ጫልቱን እጅ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ጋሽ ሰይፉ ከሰው ሁሉ ርቀው አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። ፀጉራቸውን ማጥቆር ትተዋል። ኤልያስ አብሯቸው የለም፤ የእሳቸውም ጭጋግ ከሁለት ዝግጅት በኋላ እንደተበተነ ሰምቻለሁ። ሰው ሲበታተን ወደ እኔ መጡና "አንቺ ኪቦርድ የምትጫወቺው ነሽ" አሉ። አዎ አልኳቸው። "እሁድ መጋዘኑ ይከፈታል?" አሉኝ። "ይከፈታል" አልኩ።

እሁድ ልጄን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። ኑሪ ሊመጣ ፈልጎ አባቱ ስለታመሙ ቀረ፤ በምትኩ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ሦስት ሆነን በነበርንበት ዓመት ስልኩን ድርቆሽ ላይ ደግፎ "ገፈርሳ"ን ሙሉውን ቀርጾት ነበር። መኖሩን አላውቅም ነበር። ከታክሲ ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ከፈትኩት። ኪቦርዱ ጥርት ብሎ ይሰማል። ድራሙም ይሰማል። የጋሽ ፈይሳ ጣቶች ይታያሉ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ቤዙ ግን የለም። የስልክ ማይክሮፎን ያን ያህል የወረደ ድምፅ አይይዝም፤ ቢይዝም የስልኩ ድምፅ ማጉያ አያወጣውም። በጆሮ ማዳመጫ ሞከርኩ። ከሩቅ እንደሚያልፍ ከባድ መኪና ያለ ንዝረት፣ ሌላ ምንም። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለንም።

መጋዘኑ ውስጥ ጋሽ ሰይፉ ቀድመውኝ ደርሰው ድርቆሽ ላይ ተቀምጠዋል። ድራሙ ላይ ጨርቅ ተጥሏል። ኪቦርዴ እንደተውኩት ነው፤ አቧራ ግን የለበትም። እሁድ እሁድ ሲያብሱት ነበር ማለት ነው።

"ከኔ በኋላ ምን ሲሠራ ኖረ?" አሉ ጋሽ ሰይፉ። "ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አልሰማሁም። አሰሚኝ።"

"ብቻዬን ሙሉ አይሆንም፣ ጋሽ ሰይፉ።"

"የምትችዪውን።"

ተቀመጥኩ። ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ እጄ ግን አልረሳም። ሰባቱን ምት ጀመርኩ። ግራ እጄ ይዞራል፣ ቀኝ እጄ አልፎ አልፎ ይነካል። አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ ጋሽ ሰይፉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ይህ አጃቢ ነው" አሉ። "ዜማው የታለ?"

እጄን ሳላነሳ ነገርኳቸው። ዜማው በሙሉ ቤዙ ላይ ነው። ዘፋኝ ከሄደ በኋላ ጋሽ ፈይሳ ዜማውን ለማንም አልሰጡትም፤ ራሳቸው ከታች ይዘውት ሄዱ። እኛ ሁላችን ዙሪያውን ነበርን።

ጋሽ ሰይፉ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። ሙሉውን ተጫወትኩት፤ አርባ ደቂቃ። እኔ ዝም የምልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ቤዙ ብቻ የሚሄድባቸው። እዚያ ስደርስ እጄን አንስቼ ቆጠርኩ። መጋዘኑ ጸጥ ይላል። ከግድግዳው ወዲያ የአዴ ጫልቱ ላም ስታመሰኳ ይሰማል። ጋሽ ሰይፉ ያን ጸጥታ እንደ ሙዚቃ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት፤ ከዚያ እኔ ገባሁ።

ስጨርስ ጋሽ ሰይፉ ካጎነበሱበት ቀና አሉ።

"ያችኛዋ ቦታ" አሉ። "ረጅሟ ጸጥታ። እዚያ ጋ እሱ ምን ይል ነበር?"

አውቀው ነበር። እያንዳንዷን ኖታ አውቃታለሁ፤ ለዓመታት ከጀርባዋ ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። ኪቦርዱ ላይ ብጫወተው ሌላ ነገር እንደሚሆን ስለገባኝ ልዘፍንላቸው አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኖታዎች ወጡ። አራተኛው ላይ ዜማው ወደ ታች ይወርዳል፤ የእኔ ድምፅ ግን እዚያ ድረስ አይወርድም።